የሽንት ቀለም በድንገት ሲለወጥ፦ ከቤት እስከ ላቦራቶሪ የሚደረግ የአሠራር መመሪያ

ሽንት ቢጫ የሚሆነው ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ከሚተርፈው ቅሪት የሚገኝ ዩሮቢሊን የተባለ ማቅለሚያ ስላለበት ነው። ሰውነት ይህን ማቅለሚያ የሚያመነጨው ከቀን ቀን ብዙም በማይለያይ መጠን ስለሆነ፣ ቀለሙ የሚደምቀውም የሚገረጣውም በአብዛኛው ኩላሊት አብሮ በሚያስወጣው ውሃ ልክ ነው። ስለዚህ ጠዋት ወርቃማ፣ ከሰዓት በኋላ ገርጣ ያለ ሽንት ማየት የሚያስደነግጥ አይደለም። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ከዚህ ውጭ ያለውን፣ ትናንት ያልነበረና ዛሬ የታየ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ወይም የጥቁር ሻይና የኮካ መልክ ያለውን ሽንት ነው።

ቀለም ብቻውን በሽታን አይናገርም። ቀይ ሆኖ ደም ያልሆነ አለ፤ ደም ሆኖ ምንም የማያም አለ፤ ከሁሉ የሚያሳስበው ደግሞ አንድ ቀን ታይቶ በማግስቱ የሚጠፋው ነው፤ ምክንያቱም ሰው «ለቀቀኝ» ብሎ ይተወዋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተዘጋጁት ቀለሙን ከጊዜው፣ ከተበላውና ከተወሰደው ነገር፣ እንዲሁም አብሮት ከመጣው ምልክት ጋር አያይዞ ለማየት ነው።

ደረጃዎቹን ከመጀመርዎ በፊት ግን ጊዜ የማይሰጡትን ለይተን እናስቀምጥ። ከቀለሙ ለውጥ ጋር ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ከጎን ተነሥቶ ወደ ብሽሽት የሚወርድ ከባድ ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የፊት ወይም የእግር እብጠት፣ መቀባዠር ወይም ራስን መሳት፣ የረጋ ደም ከሽንት ጋር መውጣት፣ ወይም ሽንት ጨርሶ አልወጣ ማለት ካለ፣ የቀረውን ንባብ ትተው በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ነፍሰ ጡር ሴት፣ ጨቅላ ሕፃን፣ አንድ ኩላሊት ብቻ ያለው ሰውና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ምልክቱ ቀላል ቢመስላቸውም በቤት መጠበቅ የለባቸውም።

አንደኛ ደረጃ፦ ሽንቱን በሚያሳይ ዕቃ፣ በቀን ብርሃን ይመልከቱ

በአዳማ ብዙ ግቢዎች ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ጉድጓዱም ጨለማ ስለሆነ ሰው የሽንቱን ቀለም የሚያየው በአጋጣሚ ነው። ዘመናዊ ሽንት ቤት ባለበት ቤትም ቢሆን የጽዳት ኬሚካል ያቀለመው ውሃ ዓይንን ያሳስታል። ስለዚህ ቀለም የሌለው፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ከእንግዲህ ለመጠጥ የማይውል ኩባያ ያዘጋጁ፤ ሽንቱን ከተቀበሉ በኋላ ከኩባያው ጀርባ ነጭ ወረቀት አድርገው መስኮት አጠገብ ይመልከቱት። ማታ በአምፖል ብርሃን፣ በተለይም በቢጫው፣ ብርቱካናማውን ከቡናማው ለመለየት መሞከር ከንቱ ድካም ነው። በስልክዎ ፎቶ ቢያነሡት ቀኑና ሰዓቱ አብሮ ስለሚመዘገብ ለሐኪሙ ከብዙ ማብራሪያ የተሻለ ማስረጃ ይሆናል።

ቀለሙ ወደ ቀይ የሚያደላ ከሆነ አንድ ዕቃ አይበቃም። ሦስት ኩባያ ይዘው የአንድ ጊዜውን ሽንት በሦስት ይክፈሉት፤ መጀመሪያ የሚመጣውን በአንደኛው፣ መካከለኛውን በሁለተኛው፣ የመጨረሻዎቹን ጠብታዎች በሦስተኛው ይቀበሉ። ቀዩ በመጀመሪያው ኩባያ ብቻ ከሆነ ምንጩ ወደ ሽንት መውጫው ቱቦ ያደላል። በመጨረሻው ብቻ ከታየ ወደ ፊኛው አንገት ወይም፣ በወንዶች፣ ወደ ፕሮስቴት ይጠቁማል። በሦስቱም እኩል ከሆነ ግን ደሙ የመጣው ከፊኛው ወይም ከዚያ በላይ ካለው ክፍል፣ እስከ ኩላሊት ድረስ፣ ሊሆን ይችላል። ይህ አሮጌ ዘዴ ነው፤ ምርመራንም አይተካም። ሆኖም ሐኪሙ «ደሙ የሚታየው ሲጀምር ነው ወይስ ሲያልቅ?» ብሎ ሲጠይቅ አብዛኛው ታካሚ ዝም ስለሚል፣ መልሱን ይዞ መሄድ ትልቅ ነገር ነው።

ሴቶች የወር አበባቸው ካለ ወይም ሊመጣ ከተቃረበ፣ ደሙ ከሽንት መውጫው መምጣቱን ሳያረጋግጡ ወደሚቀጥለው ደረጃ ባያልፉ ይሻላል። ታጥቦና በንጹሕ ጥጥ ይዞ መሽናት ብዙውን ጊዜ ይለየዋል፤ ካልለየው የወር አበባው ካበቃ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ማየት ነው። ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ግን ይህ መጠበቅ አይሠራም።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ያለፉትን ሁለት ቀናት ምግብና መድኃኒት ይቁጠሩ

ከምግብ በኩል በእኛ አገር ቀዳሚው ተጠርጣሪ ቀይ ስር ነው። በጾም በያይነቱ ላይ ከድንች ጋር ተቀቅሎ የቀረበ ቀይ ስር፣ ወይም በጁስ ቤት ከካሮት ጋር የተፈጨ፣ ሽንትን ከሮዝ እስከ ጥቁር ቀይ ሊያቀልም ይችላል። ይህ የሚሆነው በሁሉም ሰው ላይ ሳይሆን ከአሥር ሰዎች በአንዱ ገደማ ነው፤ በዚያው ሰው ላይም አንድ ጊዜ ታይቶ ሌላ ጊዜ ላይታይ ይችላል። ስለዚህ «ሁላችንም በልተናል፣ እኔን ብቻ ለምን?» የሚለው ጥያቄ ቀይ ስሩን ነጻ አያወጣውም። ቀይ ስሩን አቁመው በሁለት ቀን ውስጥ ቀለሙ ካልጠፋ ግን ሌላ ምክንያት ይፈልጉ።

ባቄላም ሌላ መልክ አለው። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ በሚጎድላቸው ሰዎች ላይ ባቄላ፣ በተለይ እሸቱ፣ የደም ሕዋሳትን በድንገት ሊያፈርስ ስለሚችል ሽንቱ እንደ ጥቁር ሻይ ይሆናል፤ ፊት ይገረጣል፤ ድካሙም ይከብዳል። ይህ ቀለም የምግቡ ሳይሆን የፈረሰው ደም ስለሆነ ሆስፒታል የሚያስሄድ ነው።

ከመድኃኒት በኩል ቢ ኮምፕሌክስና መልቲቫይታሚን ሽንትን አንጸባራቂ ቢጫ ያደርጋሉ፤ በውስጣቸው ያለው ቫይታሚን ቢ2 ከሚያስፈልገው በላይ ሲሆን በሽንት ይወጣልና። ለአሜባ ወይም ለጃርዲያ የሚታዘዘው ሜትሮኒዳዞል፣ ብዙ ሰው ፍላጂል የሚለው፣ አንዳንዱን ሰው ሽንቱን ቡናማ ያደርግበታል። ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚሰጠው ናይትሮፉራንቶይንም እንዲሁ። እነዚህ ቀለሞች መድኃኒቱ ሲያልቅ ይጠፋሉ።

ሰፋ አድርጎ መናገር የሚገባው ስለ ቲቢ መድኃኒት ነው። ሪፋምፒሲን የመጀመሪያው ክኒን ከተዋጠ ከሰዓታት በኋላ ሽንትን ብርቱካናማ ወይም ቀይ ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ላብን፣ ምራቅንና እንባንም ያቀልማል፤ ነጭ ሸሚዝ አንገቱ ላይ ቢቀላ ከዚሁ ነው። ለተለመደው የሳንባ ቲቢ ሕክምናው 6 ወር ስለሚቆይ ቀለሙም አብሮት ይቆያል። ጉዳቱ የሚመጣው ታካሚው ይህን ሳይነገረው ቀርቶ «ደም ሸናሁ» ብሎ መድኃኒቱን በገዛ እጁ ሲያቆም ነው፤ የተቋረጠ ሕክምና መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ይወልዳል። ብርቱካናማ ሽንት ብቻ ከሆነ መድኃኒቱን ይቀጥሉ። በሌላ በኩል ሪፋምፒሲንና አብረውት የሚሰጡት የቲቢ መድኃኒቶች አይሶናያዚድና ፓይራዚናማይድ ጉበትን ሊጎዱ ስለሚችሉ፣ ቀለሙ ከብርቱካናማ ወደ ጥቁር ቡናማ ከተሻገረና የዓይን ነጩ ክፍል ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ ካስጠላና ካስመለሰ፣ የሚቀጥለውን ክኒን ሳይውጡ በዚያው ቀን ሕክምናውን ወደሚከታተሉበት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ሁለቱን የሚለየው ሽንቱ ሳይሆን ዓይን ነውና፣ በቀን ብርሃን በመስታወት ፊት የታችኛውን የዓይን ቆብ ወደ ታች ስበው ነጩን ይመልከቱ።

የባህል መድኃኒት ከወሰዱም ይጻፉት። ምን እንዳለበት ስለማይታወቅ በቀለሙ ላይ ያለውን ድርሻ መገመት አይቻልም፤ ከእነዚህ መካከል ጉበትንና ኩላሊትን የሚጎዱ መኖራቸው ግን የታወቀ ስለሆነ ከሐኪም መደበቅ ራስን መጉዳት ነው። አንዳንድ ሰው ጥፋቱን ወደ ቧንቧ ውሃው ይወስደዋል። በስምጥ ሸለቆ ያለ የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ እንደሚበዛበትና ጥርስን እንደሚያበልዝ እሙን ነው፤ ፍሎራይድ ግን የሽንትን ቀለም አይለውጥም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ውሃ ጠጥተው እንደገና ይመልከቱ

ቀለሙ ደማቅ ወርቃማ ወይም ፈዘዝ ያለ ሻይ የሚመስል፣ መጠኑም ያነሰ ከሆነ፣ ሌላ ሕመምም ከሌለ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የውሃ ማነስ ነው። በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የአዳማ ሙቀት ቀኑን ሙሉ ባጃጅ ላይ የሚውል፣ ሽንት ቤት ፍለጋ እንዳይቸገር ብሎ ውሃ የሚሸሽ ሾፌር፣ ፎቅ ላይ ሲሚንቶ የሚያወጣ የቀን ሠራተኛ፣ ጫት ይዞ በለስላሳና በቡና የሚውል ሰው ሁሉ ማታ የሚያየው ሽንት ይኸው ነው። ጾመኛም፣ በዐቢይ ጾምም ይሁን በረመዳን፣ ከማፍጠሩ በፊት የሚሸናው ይጠቁራል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ብርጭቆ ውሃ ቀስ እያሉ ይጠጡ፤ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከነበረ ኦ አር ኤስ ይሻላል። ከሦስት ከአራት ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ሽንት እንደ መጀመሪያው አድርገው ይመልከቱ። ከገረጣ ጉዳዩ የውሃ ነበር ማለት ነው። የልብ ድካም ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን የሚጠጣው መጠን በሐኪም የተወሰነ ስለሆነ ይህን ሙከራ አያድርግ። ጤነኛውም ቢሆን «ላጥበው» ብሎ በአንድ ጊዜ ብዙ ሊትር መጨለጥ የለበትም፤ የደምን ጨው ያወርዳል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ያልለመደውን ከባድ ሥራ በፀሐይ ሲሠራ የዋለ፣ የተደበደበ፣ ዕቃ የተጫነበት ወይም ኤሌክትሪክ የያዘው ሰው፣ ጡንቻው አብጦ እየታመመ ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ ይህ የውሃ ማነስ ብቻ አይደለም። የፈረሰ ጡንቻ ሚዮግሎቢን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቅቃል፤ እርሱም ኩላሊትን እስከማቆም ሊያደርስ ስለሚችል፣ ውሃ እየጠጡ በቤት መጠበቅ ሳይሆን ሆስፒታል ገብቶ ፈሳሽ በደም ሥር መውሰድ ያስፈልጋል።

አራተኛ ደረጃ፦ ቀይ ሆኖ ከቀጠለ

በአንድ ሊትር ሽንት ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም እንኳ ቀለሙን ሊለውጠው ይችላል። ስለዚህ የቀዩ ድምቀት የደሙን ብዛት ወይም የበሽታውን ክብደት አይለካም።

ሲሸኑ የሚያቃጥል፣ ቶሎ ቶሎ የሚያስኬድ፣ ጥቂት ብቻ የሚያስወጣና የደፈረሰ ከሆነ የፊኛ ኢንፌክሽን የተለመደ ምክንያት ነው፤ በሴቶች ላይ ይበዛል። ሕመሙ ከወገብ ጎን ተነሥቶ በማዕበል እየመጣ ወደ ብሽሽት የሚወርድ፣ ሰውን መቀመጫ የሚያሳጣ ከሆነ የኩላሊት ጠጠርን ይጠርጥሩ፤ በሞቃት አገር ውሃ ሳይጠጡ መዋል ጠጠር እንዲፈጠር ይረዳል። ትኩሳት የተጨመረበት ጠጠር አደገኛ ነው፤ የተዘጋ ኩላሊት ውስጥ መግል መኖሩን ሊያመለክት ይችላልና።

ከአዳማ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ለሚሠሩ ሾፌሮችና ረዳቶች፣ እንዲሁም በአፋር እርሻዎች ለጉልበት ሥራ ሄደው ለተመለሱ ወጣቶች የተለየ ጥያቄ አለ፦ በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራና በገዋኔ አካባቢ፣ ረግረግ ወይም ቦይ ውስጥ ገብተው ታጥበዋል ወይ? በዚያ አካባቢ የፊኛ ቢልሃርዝያ የሚያመጣው ጥገኛ ትል ለረጅም ጊዜ የታወቀ ነው። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ ይገባል፤ ደሙ የሚታየው ከወራት በኋላ በመሆኑ ሰው ከጉዞው ጋር አያገናኘውም፤ የሚታየውም ብዙውን ጊዜ በመጨረሻዎቹ ጠብታዎች ላይ ነው። በቅርባችን በወንጂ የታወቀው ቢልሃርዝያ ሌላ ዓይነት ነው፤ እንቁላሉን በሰገራ የሚያስወጣ የአንጀት ቢልሃርዝያ ስለሆነ ሽንትን ቀይ አያደርግም። የፊኛው ቢልሃርዝያ እንቁላል በሽንት በብዛት የሚወጣው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ በመሆኑ ለዚህ ምርመራ የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ጥሩ አይደለም። በቀትር፣ ጥቂት ከተራመዱ ወይም ደረጃ ከወጡ በኋላ፣ የመጨረሻዎቹን ጠብታዎች ጨምረው ይስጡ፤ «አዋሽ በረሃ ነበርኩ» ብለው መናገርም ይገባል፤ ካልተናገሩ ላቦራቶሪው ላይፈልገው ይችላል። ሕክምናው ፕራዚኳንተል ነው።

የቀረው ምንም የማያመው ቀይ ሽንት ነው። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው፣ ይልቁንም ሲጋራ የሚያጨስ ወይም ያጨስ የነበረ፣ ሳያቃጥለውና ሳያመው ደም ከሸና የፊኛ ወይም የኩላሊት ካንሰር እስኪወገድ ድረስ ምርመራው አላለቀም። ይህ ደም ለሳምንታት ጠፍቶ ተመልሶ የሚመጣ ጠባይ አለው። «አንድ ጊዜ ነው፣ ተሻለኝ» ማለት በሕክምናው ዓለም እጅግ የታወቀ የመዘግየት ምክንያት ነው። በእኔ እምነት ከዚህ መመሪያ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ለአባትዎ ወይም ለአጎትዎ መንገር ካለብዎ ይህን ይንገሯቸው።

አምስተኛ ደረጃ፦ የሻይ ወይም የኮካ መልክ ካለው

እዚህ ላይ አራት ነገሮችን ይመልከቱ፦ ዓይንን፣ ሰገራን፣ ሙቀትንና ፊትን።

ዓይን ቢጫ ሆኖ ሰገራ እንደ ጭቃ ወይም ኖራ ከነጣ፣ ከጉበት ወደ አንጀት መፍሰስ የነበረበት ሐሞት መንገዱን ስቶ በሽንት እየወጣ ነው። ምክንያቱ የጉበት ቫይረስ (ሄፓታይተስ)፣ የሐሞት ጠጠር፣ የሐሞት ቱቦ ወይም የቆሽት ዕጢ ሊሆን ይችላል። በተለምዶ የወፍ በሽታ ተብሎ ወደ ቅጠል ጨማቂ የሚወሰደው ይህ ነው፤ ችግሩ የሄፓታይተስ ኤ ቢጫነት በራሱ ጊዜ ስለሚለቅ ምስጋናው ለቅጠሉ መሆኑ ነው፤ የተዘጋ የሐሞት ቱቦ ግን በቅጠል አይከፈትም። ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሄፓታይተስ ኢ ሕይወትን ስለሚያሰጋ አንድ ቀንም አይጠበቅም።

ትኩሳት ካለ፣ በተለይም ከክረምቱ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አዳማ ወባማ መሆኗን አይርሱ። ከባድ ወባ ደምን አፍርሶ ሽንትን ሊያጠቁር ይችላል። የወባ ሕክምና ላይ ያለ ሰውም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ከጉበት እንዲነቀል የሚሰጠው ፕሪማኩዊን ጂ6ፒዲ በሚጎድላቸው ሰዎች ላይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል፤ ምልክቱም ከጀመሩ ከጥቂት ቀናት በኋላ የሚመጣ የጠቆረ ሽንት፣ መገርጣትና የልብ ምት መፍጠን ነው። በዚህ ጊዜ ፕሪማኩዊኑን አቁመው በዚያው ቀን ወደ ሰጠዎት ተቋም ይመለሱ። ከቲቢው መድኃኒት ብርቱካናማ ቀለም ጋር አያምታቱት፤ በዚያኛው ይቀጠላል፣ በዚህኛው ይቆማል።

ልጅ ጠዋት ሲነሣ ዓይኑ ዙሪያ አብጦ፣ ሽንቱ አንሶና ኮካ መስሎ ከታየ፣ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት በፊት ቶንሲል አሞት እንደነበረ፣ ወይም ቀደም ብሎ የቆዳ ቁስል ወጥቶበት እንደነበረ ያስታውሱ። ጉሮሮን ወይም ቆዳን ያጠቃው ባክቴሪያ ካለፈ በኋላ ኩላሊት በመቆጣቱ የሚመጣ ሕመም ነው፤ የደም ግፊትን በድንገት ከፍ ስለሚያደርግ የልጁ ግፊት በዚያው ቀን መለካት አለበት። ሲነሣ ያበጠ ፊት ከሰዓት በኋላ ስለሚሟሽሽ ቤተሰብ «እንቅልፍ በዝቶበት ነው» ብሎ ያልፈዋል።

የሕፃናት ጉዳይ ለብቻው ነው። በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጨርቁ ላይ የሸክላ ዱቄት የመሰለ ሮዝ ቅሪት ቢታይ አብዛኛውን ጊዜ የዩሬት ጨው ነው፤ ጡት በደንብ ሲጠቡ ይጠፋል። ካልጠፋ ወተቱ አልበቃም ማለት ስለሚሆን ሕፃኑ ይመዘን። ከ14 ቀን በኋላም ቢጫነቱ ያልለቀቀው፣ ሽንቱ ጨርቅ የሚያቀልም፣ ሰገራው የነጣ ሕፃን ግን የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ቀዶ ሕክምናው የሚሳካው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስለሆነ «ፀሐይ ይሙቅ» ተብሎ የሚጠበቅ አይደለም።

የቀሩት ቀለሞች አጭር ናቸው። የደፈረሰና የሚሸት ኢንፌክሽንን ይጠቁማል፤ ቆይቶ የማይጠፋ አረፋ ፕሮቲን እየፈሰሰ መሆኑን ሊያሳይ ይችላል። እንደ ውሃ የነጣ፣ ሌሊት ደጋግሞ የሚያስነሣ፣ ጥማትና መክሳት የጨመረ ከሆነ ደም ውስጥ ያለውን ስኳር ያስለኩ። አረንጓዴና ሰማያዊ እምብዛም አይገጥምም፤ ሲገጥምም ብዙውን ጊዜ ከመድኃኒት ወይም ከምግብ ማቅለሚያ ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ናሙናውን በአግባቡ ይስጡ

ለመነሻ ጤና ጣቢያ ይበቃል፤ የሽንትና የወባ ምርመራ እዚያ ይሠራል። አልትራሳውንድና ስፔሻሊስት ካስፈለገ ወደ አዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ ወይም ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ይጻፍልዎታል።

ላቦራቶሪ መስኮት ላይ በየቀኑ የሚታየው ነገር ሰው ከቤት በግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ፣ አንዳንዴም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ፣ ሞልቶ ማምጣቱ ነው። የሚፈለገው ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው፤ የጠርሙሱ ቅሪት ግን ውጤቱን ያዛባል። የለስላሳው ስኳር ሽንቱ ስኳር ያለበት ሊያስመስለው ይችላል፤ ዕቃው በበረኪና ታጥቦ ከሆነ ደግሞ ቀለም የሚለውጠው የመመርመሪያ ወረቀት የሌለ ደም አለ ይላል። ላቦራቶሪው የሚሰጠውን ክዳን ያለው ዕቃ ይጠቀሙ። እጅዎን ይታጠቡ፤ መውጫውን በውሃ ብቻ ያጽዱ፤ ሴቶች ከፊት ወደ ኋላ ይጥረጉ። የመጀመሪያውን ጥቂት ወደ ሽንት ቤት ለቀው፣ ሳያቋርጡ መካከለኛውን በዕቃው ተቀብለው፣ የቀረውን እንደገና ይልቀቁ፤ ለቢልሃርዝያ ከሆነ ግን ከላይ እንደተባለው መጨረሻው ነው የሚፈለገው። ከ1 ሰዓት ባልበለጠ ጊዜ ያስረክቡ፤ የቆየ ሽንት ውስጥ የደም ሕዋሳት ይፈርሳሉ፣ ባክቴሪያ ይራባል። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ሽንት ደግሞ የጉበትን ችግር የሚያሳየው ቢሊሩቢን ይጠፋበታል፤ ባጃጅ መስታወት ሥር ያስቀመጡት ናሙና እንዲህ ነው የሚበላሸው።

ናሙና ሳይሰጡ ከመድኃኒት ቤት ሲፕሮ የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ ገዝተው አይጀምሩ። ሁለት ክኒን እንኳ ባክቴሪያውን ከናሙናው ሊያጠፋው ስለሚችል ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ (ካልቸር) ንጹሕ ይወጣል፤ ሕመሙ ሲመለስ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚነግር ነገር አይኖርም። ለሕመም ብለው ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መውሰድም ውሃ ባነሰው ወይም በታመመ ኩላሊት ላይ ጉዳት ይጨምራል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ውጤቱን ይጠይቁ፣ ይከታተሉ

የውጤቱን ወረቀት ተቀብሎ መሄድ አይበቃም። ደም አለ ከተባለ «በማይክሮስኮፕ ቀይ የደም ሕዋስ ታይቷል?» ብለው ይጠይቁ። ቀለም የሚለውጠው የመመርመሪያ ወረቀት ደም ብሎ ማይክሮስኮፑ ሕዋስ ካጣ፣ ነገሩ ከፈረሰ ደም ወይም ከፈረሰ ጡንቻ ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ይከተላል። የመመርመሪያ ወረቀቱ ደም የለም ካለና ሽንቱ አሁንም ቀይ ከሆነ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመልሰው የበሉትንና የወሰዱትን ይፈትሹ። ከደሙ ጋር ፕሮቲን ካለ ኩላሊቱ ራሱ ተቆጥቶ ይሆናልና የደም ግፊትና የክሪያቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ልኬት ይጠይቁ።

ኢንፌክሽን ተብለው የታከሙ ሰዎች መድኃኒቱን ጨርሰው ከሳምንታት በኋላ ሽንታቸውን ደግመው ያስመርምሩ፤ ኢንፌክሽኑ ጠፍቶ ደሙ ከቀረ ምክንያቱ ኢንፌክሽኑ ብቻ አልነበረም። ከ40 ዓመት በላይ የሆኑና ሳያማቸው ደም የሸኑ ሰዎች ናሙናቸው ንጹሕ ቢወጣም የኩላሊትና የፊኛ አልትራሳውንድ እንዲታዘዝላቸው፣ እንደ አስፈላጊነቱም ፊኛን በመሣሪያ ወደሚያይ የሽንት ቧንቧ ሐኪም እንዲላኩ ይጠይቁ። ከቶንሲል በኋላ ኩላሊታቸው የተቆጣ ልጆች ሽንት ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይጠራል፤ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታየው ደም ግን ለወራት ሊቆይ ስለሚችል፣ ሽንቱ ጠራ ብሎ ቀጠሮ መተው አይገባም። የቀጠሮው ዓላማ የልጁን የደም ግፊት መለካትና ፕሮቲኑ እየቀነሰ መሄዱን ማረጋገጥ ነው።